የነቀርሳን ስም ሳይሆን ጠባዩን ስለ መጠየቅ

ነቀርሳ የሚለው ቃል በሀገራችን ሲነገር ሰሚው አስቀድሞ የሚያስበው ሞትን ነው። ብዙዎቻችን በሽታውን በስሙ ለመጥራት እንኳ አንደፍርም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ብለን እናልፈዋለን። የማይጠራ ነገር ደግሞ አይጠየቅም፤ ያልተጠየቀም መልስ አይገኝለትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ አንሥተን ለማብራራት አስበናል፤ ይኸውም የጡት ነቀርሳ አንድ በሽታ ነው ወይስ ብዙ? የሚል ነው። ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሆጤም ሆነ ከኮምቦልቻ ታማ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድ እናት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ይጠቅማታል ወይስ አይጠቅማትም የሚለው ጉዳይ የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገር እናስታውቅ። አንደኛ፥ ነቀርሳ ስንል ዛሬ በተለምዶ ካንሰር የሚባለውን ማለታችን ነው እንጂ የሳንባ ነቀርሳ እየተባለ የሚጠራውንና በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቲቢን አይደለም። የጡት ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ሁለተኛ፥ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መልእክቱና ተቀባዩ

የሰው አካል ከሕዋሳት የተሠራ መሆኑን ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን እናውቃለን። ጤነኛ ሕዋስ በገዛ ፈቃዱ አይባዛም። ተባዛ የሚል መልእክት ሲደርሰው ይባዛል፤ አቁም ሲባል ያቆማል። ከመልእክተኞቹ አንዱ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። ኤስትሮጅን በደም ተጭኖ በመላው አካል ይዞራል፤ በየደጁ ያልፋል እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱን ሰምተው የሚነሡት ሕዋሳት ሁሉ አይደሉም፤ በውስጣቸው «ተቀባይ» የሚባል ልዩ ፕሮቲን ያላቸው ብቻ ናቸው። ተቀባዩ ኤስትሮጅንን ይይዝና ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ተጠግቶ የመባዛትን ትእዛዝ የያዙትን የዘር ክፍሎች ያነቃል። የጡት ሕዋስ ተቀባይ ካላቸው ወገን ነው፤ ሴት ልጅ ስታድግ ጡቷ የሚያድገውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሕዋሱ ወደ ነቀርሳነት ሲለወጥ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዳንዱ ነቀርሳ ተቀባዩን እንደ ያዘ ይቀራል፤ ስለዚህ ኤስትሮጅን ምግቡ ይሆንለታል። ሌላው ተቀባዩን ጥሎ ማንም ሳያዘው ይባዛል። በዐይን ሲታዩ ሁለቱም ያው የጡት ዕባጭ ናቸው፤ በእጅ ሲዳሰሱም አይለዩም። ጠባያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን መልእክቱን በማቋረጥ ማስራብ ይቻላል። ሁለተኛው መልእክት ቢመጣም ባይመጣም ደንታ የለውም፤ ስለዚህ በሌላ መሣሪያ መታገል ይገባል።

ከላም ማለቢያ እስከ ቤተ ሙከራ

ይህ እውቀት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። መነሻው፥ አንባቢ ሊገረም ይችላል፥ ላም ናት። ጆርጅ ቢትሰን የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም ስለ ወተት አፈጣጠር ሲያጠና በአንዳንድ አገር ገበሬዎች ከወለደች ላም ዕንቁላል የሚያፈራውን ዕጢ አውጥተው ወተቷ ሳይነጥፍ እንዲቆይ እንደሚያደርጉ ተረዳ። ከዚህም በመነሣት አንድ ነገር አሰበ፤ ከጡት ርቆ የሚገኝ ዕጢ ጡትን የሚያዝ ከሆነ የጡትን ነቀርሳም ሊያዝ ይችላል አለ። በሽታቸው ከጸና ሴቶች ዕጢውን በቀዶ ሕክምና አወጣ፤ ዕባጫቸውም ሲቀንስ አየ። ይህን ያስታወቀው በ1896 ነው። ሌሎች ሐኪሞች ሲከተሉት ግን ሕክምናው የሚጠቅመው ከሦስት ሴቶች አንዲቷን ያህል ሆኖ ተገኘ። የቀሩት ሁለቱ በከንቱ ተቀደዱ። ዕድለኛዋን አስቀድሞ ለይቶ የሚያውቅ ግን በዓለም ላይ አልነበረም።

ምክንያቱ የተገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኤልውድ ጄንሰን ኤስትሮጅንን ጨረር በሚያወጣ ሃይድሮጅን ምልክት አድርጎ ለአይጦች ሰጠና የት እንደሚያርፍ ተከታተለ። ሆርሞኑ በማኅፀን ውስጥ ተይዞ ሲቀር በሌሎች ብዙ አካላት ግን አልፎ ሲሄድ አየ። ስለዚህ የሚይዘው አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ተቀባይ የተባለውም እርሱ ነው። ጄንሰን ይህን ሥራውን በ1958 በቪየና ጉባኤ ላይ ባቀረበ ጊዜ የሰሙት አምስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ፥ ከነዚያም ሦስቱ የራሳቸውን ንግግር የሚጠብቁ እንደ ነበሩ ይነገራል። ዛሬ ግን በዓለም ላይ የጡት ነቀርሳ በተገኘባት ሴት ሁሉ ዘንድ የሚጠየቀው የመጀመሪያው የሞለኪዩል ጥያቄ የጄንሰን ጥያቄ ነው።

መድኀኒቱም የመጣው ባልታሰበ በር ነው። በ1962 ዶራ ሪቻርድሰን የተባለች የኬሚስትሪ ሊቅ በእንግሊዝ አገር በአይ.ሲ.አይ. ኩባንያ ውስጥ ታሞክሲፈን የተባለውን ውሑድ ሠራች። የታሰበው ለእርግዝና መከላከያ ነበር፤ ለዚያ አልሆነም። ሆኖም ታሞክሲፈን በጡት ሕዋስ ውስጥ ኤስትሮጅን ሊቀመጥበት በሚገባው ስፍራ ላይ ራሱ ይቀመጣል፤ መልእክት ግን አያደርስም። ወንበሩ ተይዟልና ባለ መልእክቱ ቢመጣ መግቢያ ያጣል። ሜሪ ኮል በማንቸስተር በ46 ሕመምተኞች ላይ ሞክራ ውጤቱን በ1971 አስታወቀች፤ በ1973 በእንግሊዝ፥ በ1977 በአሜሪካ ለጡት ነቀርሳ ተፈቀደ። በ2011 ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ ታላቅ ማጠቃለያ እንዳሳየው ተቀባይ ያለው ነቀርሳ የያዛት ሴት ታሞክሲፈንን ለአምስት ዓመት ብትወስድ በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድሏ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ተቀባይ ለሌለው ነቀርሳ ግን ምንም አልጠቀመም። ክኒኑ የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ርካሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኀኒቶች ተራ አስገብቶታል።

«የአፍሪካ ነቀርሳ» የሚባል አለን?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ለብዙ ዘመን በሕክምና መጻሕፍት የተጻፈው የጥቁር ሴቶች የጡት ነቀርሳ፥ በተለይም ከሰሐራ በስተ ደቡብ ያሉት፥ በአብዛኛው ተቀባይ የሌለው ነው የሚል ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ትርጉሙ ከባድ ነው። ታሞክሲፈን ለአፍሪካ እምብዛም አይጠቅምም ማለት ነው፤ የቀረው መንገድ ውድና መራራ የሆነው የኬሞቴራፒ መድኀኒት ነው ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አነጋገር ከየት መጣ? በአብዛኛው ከአሜሪካ ጥቁሮችና ከጥቂት የአፍሪካ ሐኪም ቤቶች ነበር። የአሜሪካ ጥቁሮች አባቶች ደግሞ በብዛት የተወሰዱት ከምዕራብ አፍሪካ ነው። የእኛን ሴቶች ማን ጠየቃቸው?

ከጠየቁት መካከል አንዱ የሀገራችን ተወላጅ ነው። ዶክተር አሕመዲን ጀማል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተምረው በአሜሪካ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ውስጥ በዓለም የታወቁ የካንሰር ስርጭት ተመራማሪ ሆነዋል። በ2012 ከስቴሲ ፌድዋ ጋር ባወጡት ጥናት በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ላይ የተጻፉትን ጥቁር ሴቶች በትውልድ አገራቸው ለይተው ተመለከቱ። በምዕራብ አፍሪካ የተወለዱት ከአሜሪካ ተወላጆቹ ጋር ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በምሥራቅ አፍሪካ የተወለዱት ዘንድ ግን ተቀባይ የሌለው ነቀርሳ በጣም አነስተኛ ነበር። ከነዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ከ74 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ።

ይህ በባዕድ አገር በሚኖሩት ላይ የታየ ነው፤ በአገር ውስጥ ላሉትስ? መልሱ በ2014 ታተመ። የጀርመን ሐኪም የሆኑት ኤቫ ካንተልሃርት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና ከዶክተር አሕመዲን ጋር ሆነው ከ2005 እስከ 2010 በዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት የታከሙ 1208 ሴቶችን መዝገብ መረመሩ። የተቀባይ ምርመራ ውጤት የተገኘው ለ352ቱ ብቻ ነበር። ከነዚህም ውስጥ ተቀባይ የሌለው ነቀርሳ የታየባቸው 35 በመቶ ናቸው፤ 65 በመቶዎቹ ተቀባይ ያላቸው ሆኑ። ይኸውም ከሦስት ሴቶች ሁለቱ ያህል በርካሹ ክኒን ሊረዱ የሚችሉ ናቸው ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ሊሳ ኒውማን የተባለችው አሜሪካዊት ቀዳጅ ሐኪምና ባልደረቦቿ ጋናውያንን፥ ኢትዮጵያውያንን፥ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያንን አነጻጸሩ። የኤስትሮጅንን፥ የፕሮጄስትሮንንና ሄር-2 የሚባለውን፥ ሦስቱንም ተቀባዮች ያጣው አስቸጋሪ ዐይነት ከጋናውያን ከግማሽ በላይ በሆኑት ሲገኝ ከኢትዮጵያውያን ግን በ15 በመቶው ብቻ ታየ፤ ይህም ከነጭ አሜሪካውያን ጋር እኩል ያህል ነው። አፍሪካ በካርታ ላይ አንድ ናት፤ በሞለኪዩል ግን አንድ አይደለችም።

ቁጥሮቹን ስናነብ ጥንቃቄ አይለየን። 352 ሴቶች የመላው ኢትዮጵያ ምሳሌ አይደሉም፤ ሐኪም ቤት ለመድረስ የቻሉትና ምርመራው የደረሳቸው ብቻ ናቸው። ተቀባይ የሌለው ነቀርሳም በወጣቶቹ ላይ በዝቶ ታይቷል። ስለ ዕድሜ ካነሣን አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። በዚያው ሐኪም ቤት በተደረገ ሌላ ጥናት የሕመምተኞቹ አማካይ ዕድሜ 43 ዓመት ሆኖ ስለ ተገኘ በሽታው በአገራችን ወጣቶችን መርጦ የሚመታ የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ስለ ሆነ ከታመሙትም መካከል ወጣቱ ይበዛል።

ባለ ማወቅ የሚሰጥ መድኀኒት

ከላይ ከተጠቀሱት ቁጥሮች እጅግ የሚያሳስበው 35 ወይም 65 አይደለም፤ 856 ነው። ከ1208 ላይ 352 ሲቀነስ የሚቀረው ይህ ቁጥር ነቀርሳቸው ምን ዐይነት እንደ ሆነ ያልታወቀላቸው ሴቶች ነው። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባው የጨረር ሕክምና ክፍል በአገሪቱ ውስጥ ብቸኛው የመንግሥት የካንሰር ሕክምና ስፍራ ነበር፤ የሆርሞን መድኀኒቱም በርዳታ ይመጣ ስለ ነበር ተቀባይ ላላቸው ብቻ ሳይሆን ላልታወቀላቸውም በነጻ ተሰጠ። ሐኪሞቹ ትክክል አደረጉ እንላለን፤ ከሦስት ሁለቱን የሚጠቅምን ነገር መንፈግ አይገባምና። ነገር ግን ሦስተኛዋስ? እርሷ ክኒኑን በየማለዳው በተስፋ ትውጣለች፤ ነቀርሳዋ ግን ምንም አልሰማም። ታከምሁ ብላ ስታምን ሌላ ሕክምና የምትሻበት ጊዜ ያልፋል።

ምርመራው ራሱ ምን ይጠይቃል? ከዕባጩ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ሳይዘገይ፥ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ፥ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ከ6 ሰዓት ሳያንስ ከ72 ሰዓት ሳይበልጥ ይቆያል። ከዚያ በሰም ተሞልቶ ትንሽ ጡብ ይሆናል። ከሰሙ ጡብ ላይ የሚሊሜትር 4 ሺሕኛ ያህል የሳሳ ገለባ ይላጣል፤ ተቀባዩን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል፤ አንቲቦዲው በያዘበት ስፍራ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ የተቀቡትን ይቆጥራል፤ ከ100 የነቀርሳ ሕዋሳት 1 እንኳ ከተቀባ ተቀባይ አለ ይባላል።

በዚህ ሥራ ውስጥ አደጋው የሚገኘው መጀመሪያው ላይ ነው። ቁራጩ ጠረጴዛ ላይ ቢውል፥ ፎርማሊኑ ቢያንስ ወይም ቢያረጅ፥ ተቀባዩ ፕሮቲን ይበሰብሳል። ቀለሙ ሳይወጣ ሲቀር መርማሪው «ተቀባይ የላትም» ብሎ ይጽፋል። ተቀባዩ ግን በሴቲቱ አካል ውስጥ ነበረ፤ የጠፋው በእኛ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2014 ከመላው አፍሪካ 80 ጥናቶችን ያሰባሰበ ጽሑፍ እንዳመለከተው በመጋዘን ከቆዩ አሮጌ ናሙናዎች የተገኘው የባለ ተቀባይ መጠን ለጥናት ተብለው በጥንቃቄ ከተሰበሰቡት በ10 በመቶ ያህል አንሶ ነበር። ስለ «አፍሪካ ነቀርሳ» ከተጻፈው ውስጥ ከፊሉ ስለ ፎርማሊን የተጻፈ ነበር ማለት ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕመምተኛዋ ይህን መንገድ ለመጓዝ ከብት ትሸጥ ይሆናል። ናሙናዋ ግን መጓዝ አያቅተውም፤ በሚገባ የተሠራ የሰም ጡብ በኪስ ይያዛል፥ ለዓመታትም ይቆያል። ሊጓዝ የማይችለው ያልተነከረው ሥጋ ነው። ስለዚህ የቀለሙ ሥራ የትም ይሠራ የት የመጀመሪያዋ ሰዓት ሥራ መሠራት ያለበት እዚሁ በአጠገባችን ነው፤ እርሱም ከጥንቃቄ፥ ከንጹሕ ፎርማሊንና ሰዓቱን ከሚጽፍ እርሳስ የበለጠ ብዙ ነገር አይፈልግም።

አጣጥና ቀስቱ

በወሎ ያደገ ሰው አጣጥን የማያውቅ የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ከዓለም ዙሪያ ዕፀዋትን እያስለቀመ ሲያስመረምር በእኛ አገር አጣጥ ከሚባሉት ዕፀዋት ወገን የሆነ አንዱ ከኢትዮጵያ ተወሰደ። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው ኬሚስት በ1972 ከዚሁ ተክል ሜይታንሲን የተባለውን ውሑድ ለይቶ አወጣ፤ ከአንድ ኪሎ ተክል የሚገኘው አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ሜይታንሲን ሕዋስ ሲከፈል የሚዘረጋቸውን ክሮች ስለሚያፈርስ ነቀርሳን ይገድላል። ሆኖም ጤነኛውንም አይምርም፤ ለብቻው በሰው ላይ በተሞከረ ጊዜ ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ተተወ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ አጣጥ ቀቅሎ መጠጣት የነቀርሳ መድኀኒት አይደለም፥ መርዝ ነው።

መርዙን መድኀኒት ያደረገው የዒላማ መገኘት ነው። በ1987 ዴኒስ ስላሞን በሎስ አንጀለስ ከጡት ነቀርሳዎች ሩብ ያህሉ ሄር-2 የሚባለውን ተቀባይ ከመጠን በላይ እንደሚሠሩና እነዚህም ፈጥነው እንደሚገድሉ አሳየ። በ1998 ትራስቱዙማብ የተባለው አንቲቦዲ በዚሁ ተቀባይ ላይ እንዲተኮስ ተፈቀደ። በመጨረሻም ሊቃውንት ከሜይታንሲን ተሻሽሎ የተሠራውን መርዝ ከዚህ አንቲቦዲ ጋር አሰሩት፤ አንቲቦዲው ቀስት፥ መርዙ በጫፉ ላይ ያለ ቅብ ሆነ። በ991 ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ በዚህ የታከሙት አማካይ ዕድሜ 30.9 ወር ሲሆን በቀድሞው ሕክምና 25.1 ወር ነበር። መድኀኒቱ በ2013 ተፈቀደ።

ይህን ያመጣነው ተክሉ የእኛ ነበር ብለን ለመኩራራት አይደለም። ትምህርቱ ከላይ ካልነው ጋር አንድ ስለ ሆነ ነው። ዒላማው ሳይታወቅ መርዙ መርዝ ብቻ ነበር፤ ዒላማው ሲለካ መድኀኒት ሆነ። ታሞክሲፈንም ያለ ምርመራ የዕድል ጉዳይ ነው፤ ከምርመራ ጋር ግን ሕክምና ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ጓዶች፥ ነገሩን ለሐኪሞች ብቻ ትተን እናልፈው ይሆን? እኛ እንደዚህ እናስባለን። የሕክምና ተማሪ የሆነ ወንድማችን ወይም እኅታችን በቀዶ ሕክምና ክፍል በቆመ ጊዜ ቁራጩ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ተወሰደና ስንት ሰዓት ላይ ፎርማሊን እንደ ገባ ይጻፍ። የላቦራቶሪ ተማሪው ፎርማሊን መበጥበጥን እንደ ተራ ሥራ አይናቅ፤ የአንዲት ሴት አምስት ዓመት በዚያ ጠርሙስ ውስጥ አለና። የኬሚስትሪና የምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ፥ የኮምቦልቻዎቹን ጨምሮ፥ ከውጭ በውድ የሚገዛው የምርመራ ዕቃ የትኛው በአገር ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ይመርምሩ። የስታቲስቲክስ ተማሪ መዝገብ ይያዝ፤ 352ቱ ባይመዘገቡ ኖሮ እስከ ዛሬ የምናወራው የሌላ ሰው ቁጥር ነበር።

ሁላችንም ደግሞ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ልንሠራው የምንችለው አንድ ሥራ አለ። ለእናቶቻችን፥ ለአክስቶቻችንና ለእኅቶቻችን ጡት ላይ የማያምም ጓል ሲገኝ አያምም ተብሎ እንዳይተው እንንገራቸው፤ የጡት ነቀርሳ በጅምሩ ብዙ ጊዜ አያምምና። ሐኪም ዘንድ ቀርበውም ነቀርሳ ነው በተባለ ጊዜ በዚያ ላይ አይቁሙ፤ «ተቀባይ አለው ወይስ የለውም?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ የምትጠይቅ አንዲት እናት ሐኪሙን፥ ላቦራቶሪውንና የመድኀኒት ግምጃ ቤቱን ሁሉ ታነቃለች። የሌሎች ሕዝቦች መልስ ለእኛ መልስ እንደማይሆን ከአዲስ አበባው ጥናት ተምረናል፤ የአዲስ አበባውም መልስ ለደሴ በቂ መሆኑን ልናውቅ የምንችለው የደሴን ሴቶች ስንጠይቅ ብቻ ነው።